የወይዘሮ ኤርነስቲን የቅዳሜ ጠረጴዛ

ወይዘሮ ኤርነስቲን ፔቲዌይ እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ ሰውን ግን በቀላሉ የማያምኑ ሴት ናቸው። ይህ ለነቀፋ የተጻፈ አይደለም። አደራ የተቀበሉ ሴት ናቸውና ዓይናቸው ከበሩ ላይ ተነቅሎ አያውቅም።

በቶሌዶ ከተማ፣ ባለቤታቸው አቶ ክሊፍተን ጸጉር ከሚያስተካክሉበት ቤት አጠገብ፣ ጥቁር ደራስያን የጻፏቸውን መጻሕፍት የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። አደራው ግን ሱቋ አይደለችም፤ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ያለው ክብ ጠረጴዛ ነው። ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ሴቶች፣ ሁሉም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ አንድ መጽሐፍ አንብበው በዚያ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በሥራ ቦታ የዋጡትን፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ላይ የሰሙትን፣ ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩትን፣ በመጽሐፉ ሰዎች አሳበው ይነጋገራሉ። ይህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ከውጭ ሰው ያስቀመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አንድ ትሑት ነጭ መምህር። ሰውየው ገና በመጀመሪያው ታሪክ ዕንባው ወረደ፤ ሴቶቹም ረፋዱን ሁሉ እርሱን ሲያባብሉ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ከሴቶቹ ሁለቱ ለአራት ወር ሳይመጡ ቀሩ። ወይዘሮ ኤርነስቲንም ያ ጠረጴዛ እንዴት ሊሞት እንደሚችል ያን ጊዜ አዩ።

አንድ ጥቁር ሰው በፖሊስ ጉልበት ሥር ታንቆ ሞቶ አገሩ ሁሉ በቁጣ የተነሣበት ዓመት ሲመጣ የሱቋ ስልክ ዕረፍት አጣ። ከከተማው ዳር የሚኖሩ ነጮች፣ ዘረኝነትን እንቃወማለን፣ ከዛሬ ጀምሮ የምንገዛው ከእናንተ፣ የምናነበውም የእናንተን ነው አሉ። ሁሉም ያዘዙት ያንኑ ሦስት አራት መጽሐፍ ነበር። ማተሚያ ቤቶቹ አልቻሉትምና መጽሐፉ የደረሰው ከሦስት ወር በኋላ ነው። መጽሐፉ መጣ፤ ያዘዙት ግን አልመጡም። በየስማቸው የተጠቀለለው ክምር የኋላውን ክፍል ሞልቶ ከረመ።

ከመጡት ጥቂቶች አንዷ ካሮል ሊንድኲስት ነበረች፤ በጥርስ ሐኪም ቤት ስትሠራ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ድምፅዋ የለሰለሰ ነጭ ሴት። በየማክሰኞው ትመጣለች፣ መጽሐፍ ትገዛለች፤ ከአቶ ክሊፍተንም ቤት አንድ ነገር ሳትይዝ አትሄድም።

«ዛሬ ደግሞ የጸጉር ቅባት ወሰደች» አሉ አቶ ክሊፍተን አንድ ማክሰኞ በበሩ ብቅ ብለው። «ያውም ትልቁን ጣሳ!»

«ምን ልታደርገው? የሷ ጸጉር እንደሆነ ሳይቀባም ይንሸራተታል።»

«እኔ ምን አውቄ፤ ለበሯ ማጠፊያ ይሆናል። አንቺ ደግሞ ሰው ሲገዛም ታኮርፊያለሽ፣ ሳይገዛም ታኮርፊያለሽ።»

«ይቺ ሴትዮ የምትፈልገው ነገር አለ፣ ክሊፍ። እንዲሁ አትመላለስም።»

ወይዘሮ ኤርነስቲን የሚጠረጥሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የወሰደችው መጽሐፍ እንዴት እንደነበረ በጠየቋት ቁጥር መልሷ «ልብ ይነካል» ነው። አንድ ቀን ዶሮ ሰርቆ የሚሳደድ ሰባኪ ታሪክ፣ አንባቢውን በሳቅ የሚገድል መጽሐፍ ሸጡላት። በሳምንቱ «እንዴት ነበር?» ቢሏት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «በጣም ልብ ይነካል» አለች። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

በመጋቢት ወር የምትፈልገው ነገር ወጣ።

«ወይዘሮ ፔቲዌይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ጓዳ ስትነጋገሩ… እኔም ከዳር ብቀመጥ ቅር ይልዎታል? ዝም ብዬ ልማር ነው።»

«አስብበታለሁ፣ እሜቴ» አሉ። እርሳቸው «እሜቴ» የሚሉት ያላመኑትን ሰው ነው።

ነገሩን ለጠረጴዛው ሲያቀርቡ የሁሉንም አፍ ሆና የመለሰችው እህት ዊላ ሜ ነበረች። «አንቺ ካልሽ ትግባ፣ እምቢ ካልሽም እምቢ ነው። ግን እህት ኤርነስቲን፣ ታለቅስብናለች?»

«ካለቀሰችማ መሐረብ አቀባይዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? የዚያን መምህር አፍንጫ ስጠርግ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴ ተበላሽቶ ቀረ እኮ!»

ተሳሳቁ፤ ፍርዱ ግን በወይዘሮ ኤርነስቲን ላይ ወደቀ። የተሳሳተ ሰው ካስገቡ ስድስቱ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ይቀራሉ። ይህን ያውቁታል።

ከከተማው ዳር ያለው ቤተ መጻሕፍት በወር አንድ ጊዜ፣ ሰዎች የለገሱትን አሮጌ መጽሐፍ በርካሽ ይሸጣል። ወይዘሮ ኤርነስቲንም ለሱቃቸው የሚሆነውን ለመልቀም ዘወትር ይሄዳሉ። የሸጡትን መጽሐፍ ሁሉ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀልና ወሩን መጻፍ የቆየ ልማዳቸው ነው። በዚያ ወር ሽያጭ አንዱን መጽሐፍ ቢገልጡት መስቀሉን አገኙ። ሌላውን ገለጡ፤ እርሱም ምልክቱ አለበት። አሥራ አንድ ሆኑ። በየማክሰኞው ለካሮል የሸጧቸው መጻሕፍት ናቸው፤ የዶሮ ሌባው ሰባኪም አልቀረ። አንዳቸውም በወጉ ተከፍተው አያውቁም፤ ጀርባቸው እንደ አዲስ ቀጥ ብሏል።

ተናደዱ ማለት አይቻልም። እንዲያውም ልባቸው ዐረፈ። ጥርጣሬያቸው እውነት ሆኖ በመገኘቱ ደስ አላቸው፤ ስለዚህ ደስታም በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን ተንበርክከው ይቅርታ ለመኑ።

ማክሰኞ ካሮል ስትገባ አሥራ አንዱ መጻሕፍት ባንኮኒው ላይ ተደርድረው ጠበቋት።

«ያውቋቸዋል፣ እሜቴ?»

ካሮል ፊቷ ቀላ፤ አንገቷ ድረስ። «ቤቴ ስለሚጠብ…»

«ቤትዎ ስንት ክፍል ነው?»

«አምስት።»

አቶ ክሊፍተን በበሩ ላይ ሆነው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«ከእነዚህ የትኛውን ጨረስሽ?» አሉ ወይዘሮ ኤርነስቲን። «እርስዎ» ማለቱ ቀርቶ ነበር።

ካሮል መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። «አንዱንም። ስገዛ ደስ ይለኛል፤ አንድ ነገር ያደረግሁ ይመስለኛል። ቤት ገብቼ ስከፍተው ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተከሰስሁ ይመስለኝና እዘጋዋለሁ። ሌላ ሰው ያንብበው ብዬ ለገስኋቸው።»

ይህ ኑዛዜስ ሌላ ማባበያ ይሆን? ሲሉ ወይዘሮ ኤርነስቲን ፊቷን መረመሩ። ዕንባ ፈለጉ፤ አላገኙም።

«ከእንግዲህ መጽሐፍ አልሸጥልሽም።»

«እንዴት?»

«አልሸጥልሽም ማለት አልሸጥልሽም። ይህችን ውሰጂ።» ከመካከል ቀጭኗን ገፉላት፤ የአንዲት ልብስ አጣቢና የሴት ልጇ ታሪክ ናት። «ጨርሰሽ ነይ። ልብ ይነካል ብለሽ ከመጣሽ በመጣሽበት በር ትመለሻለሽ።»

«ከእኔ ቤት መግዛቱ ግን አልተከለከለም፣ አይደል?» አሉ አቶ ክሊፍተን።

«አንተ ዝም በል።»

ሦስት ማክሰኞ አለፈ፤ ካሮል አልመጣችም። ወይዘሮ ኤርነስቲንም «ይኸው፣ እንደማትመለስ አውቄ ነበር» አሉ። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ግን፣ ሴቶቹ ጠረጴዛውን ከብበው ሳለ፣ መጽሐፏን ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

«ጨረስኋት» አለች። «አልወደድኋትም።»

ሴቶቹ ወደ በሩ ዞሩ።

«ምኗን ነው ያልወደድሽው?» አሉ ወይዘሮ ኤርነስቲን።

«እናትየዋን። አባትሽ እገሌ ነው ሳትላት ሞተች። ይህ ጭካኔ ነው።»

እህት ዊላ ሜ ኩባያዋን አስቀመጠች። «ጭካኔ? አንቺ ሴትዮ፣ አባትየው እኮ ልብሱን የምታጥብለት ነጭ ጌታዋ ነው! ብትነግራት ልጅቱ ሄዳ በሩን ታንኳኳው ነበር። ከዚያ ሬሳዋን ማን ሊያነሳላት?»

«ገብቶኛል። ቢሆንም ማወቅ መብቷ ነበር» አለች ካሮል። ከቃሏም አላፈገፈገችም።

«መብት! ስሙልኝ እስቲ፣ መብት ትለኛለች! በዚያ ዘመን መብት በየትኛው ሱቅ ይሸጥ ነበር?»

ይህን ጊዜ ከሁሉም ጥቂት የምትናገረው እህት አርዴላ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እኔ ከእሷ ጋር ነኝ» አለች በዝግታ። «የእኔም እናት ሳትነግረኝ ሞተች። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋትም።»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአርዴላ አፍ የሰማ አልነበረም። ዊላ ሜ ክርክሯን ትታ እጇን ያዘችላት። ካሮልን ያየ የለም፤ ያባበላትም የለም። እርሷም አባብሉኝ ሳትል በቆመችበት ቀረች።

ወይዘሮ ኤርነስቲን ይህን ሁሉ አስተዋሉ። ከዚያም ተነሥተው ወንበር ሳቡ፤ ፊቷን በደንብ ሊያዩ በሚችሉበት ቦታ፣ ልክ በፊታቸው።

«ለዛሬ ተቀመጪ» አሉ።

እስከ አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመኗትም። ከአንድ ቅዳሜ በላይ ጋብዘዋት አያውቁም፤ በየሳምንቱ መጨረሻ አዲስ ፈቃድ ይሰጧታል፣ እርሷም በየሳምንቱ ትጠይቃለች።

አምላክ የሚያስተውል ዓይናቸውን አያድክምባቸው፤ ለአቶ ክሊፍተን ጤናና ጨዋታ ይጨምርላቸው፤ ያንን ቤትና በውስጡ የሚነገረውን ሁሉ በጥላው ይሰውር። አሜን።