ከፋብሪካው እንደ ወጣ

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ትምህርት ቤት የተገዛ አዲስ ስዊች ከካርቶኑ አወጣሁ። ስዊች የብዙ ኮምፒውተሮችን ገመድ የሚያገናኝ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። ይኸኛው መጀመሪያ አዲስ ፓስዎርድ ካላወጣሁለት አላስገባም አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ተሰላችቶ፣ ይሄን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው ሲል አጉረመረመ። እኔን ግን ሐሳብ ይዞኝ መርካቶ ሄደ።

ያኔ ኢንተርኔት ቤት በየሰፈሩ መከፈት የጀመረበት ዘመን ነበር። ከኮሌጅ እንደወጣሁ ዱባይ ተራ፣ በሐጂ ሙደሲር የጫማ ጅምላ መደብር ኮምፒውተሮቹን እንድይዝ ተቀጠርኩ። ባለአራት ፎቁ ሕንጻም የሳቸው ነበር። በአራቱም ፎቅ ኔትዎርኩን የዘረጋው ባለሙያ እኔ ከመምጣቴ በፊት ለቆ ሄዷል። ሽያጭ የሚመዘግበው ተማም የሐጂ የእህት ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጋ ያለ ወጣት። ጠዋት ከአማኑኤል በኩል ጭቃውን እየዘለለ ሲመጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳ አይለየውም፤ አንዱ ሁልጊዜ የኔ ነበር።

ሐምሌ ላይ መስመሩ ይቋረጥ ጀመር። ከክፍለ ሀገር የመጣው ነጋዴ ቆሞ እየጠበቀ ኮምፒውተሮቹ መገናኘት ያቆማሉ። ስዊቹን በኮምፒውተሬ ከፍቼ ሳይ አንድ ሰው ቅንብሩን ቀያይሮታል። አስተካክላለሁ፤ በማግስቱ ተበላሽቶ ይጠብቀኛል። የሰው እጅ እንዳለበት ለሐጂ ነገርኳቸው። ተማም ወደ ሌላ ነጋዴ ሊሄድ ነው የሚል ወሬ በዚያው ሰሞን ደርሷቸው ኖሮ፣ ጥርጣሬያቸው እሱ ላይ አረፈ። ሁለታችንንም ቢሮ አስጠሩን።

«ዛሬ ከሰዓት፣ አስር ሰላት ሳይደርስ ካልተናገርክ ለፖሊስ ነው የምሰጥህ» አሉት። «የእህቴ ልጅ ነው ብዬ አላልፍህም።»

ተማም እሱ እንዳልነካው በቀስታ ተናገረ። እሱን ከወሰዱት በኋላ ችግሩ ቢቀጥል ቀጥሎ የምጠረጠረው እኔ መሆኔ ገባኝ። ለሱ የፈራሁት ለራሴ ከፈራሁት ጋር ተቀላቀለብኝ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ገመዱን ተከትዬ ከፎቅ ፎቅ ወጣሁ። እያንዳንዱን በር ሳንኳኳ ሰዓቴን አያለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እትዬ ሮማን የሚባሉ ሴት በቅርቡ ኢንተርኔት ቤት ከፍተው ነበር። ከኛ መስመር የተቀጠለ ገመድ ወደ ክፍላቸው ይገባል። ምን እንደምፈልግ ሳልነግራቸው እሳቸው ብሶታቸውን ጀመሩ፤ የገዙት ስዊች አልረጋ ብሏቸዋል፣ ማታ ያስተካከሉት ጠዋት ተቀይሮ ያገኙታል።

ሳጥኑን ገለበጥኩት። ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሆዱ ላይ ፋብሪካው የሰጠው፣ ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ ስዊቹን የሚከፍት አድራሻና ፓስዎርድ ተለጥፏል፤ የእኛም ላይ ያው ነው፤ የዘረጋው ሰው አልቀየረውም። እሳቸው ያንን አድራሻ ሲጽፉ የሚከፈትላቸው የእኛ ስዊች ነበር።

«እትዬ፣ የሚያስተካክሉት የራስዎን አይደለም» አልኳቸው። «የእኛን ነው።»

ደንግጠው ነጠላቸውን እንኳ ሳያነሱ ተከትለውኝ ወረዱና ለሐጂ ራሳቸው አስረዱ። ሐጂ ሰምተው ሲጨርሱ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሠራተኛው ሁሉ እያየ «ተማም፣ በድዬሃለሁ፤ አፉ በለኝ» አሉት። እሱም አፉ አለ። እኔ የእትዬ ሮማንን ገመድ ለየሁና ፓስዎርዱን ቀየርኩ፤ ስዊቹ ከእኔ ኮምፒውተር ሌላ ማንንም እንዳያስገባ አደረግኩ።

ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ክረምቱ እስኪወጣ ተማም ቀድሞ ቢመጣም ብቻውን አይገባም ነበር። ዝናብ እየመታው በረንዳው ጠርዝ ላይ ይጠብቀኛል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ኮምፒውተሩን አንቺ እያየሽ ልክፈተው» አለኝ።

ዛሬ የራሱ መደብር አለው። ስንገናኝ ስለ ልጆቻችን እናወራለን፤ ያን ቀን ግን አንዳችንም አንስተነው አናውቅም። ፓስዎርድ የሚቀየረው ሌባ እንዳይገባ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እውነት ነው። ለእኔ ግን ከሁሉ በፊት፣ ማን እንደገባ እንዲታወቅና ምንም ያላጠፋ ሰው «እኔ አይደለሁም» ሲል የሚያምነው እንዲያገኝ ነው።