ገብታ ያለቀች ብሎን

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት በአናጺነት ሲኖር ሜትሩን ከወገቡ ነጥሎ አያውቅም፤ ሚስቱ እንደምትምለው ከሆነ በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ኪሱ ውስጥ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን ነቀፌታ ጠግቧል። በሬ አልዘጋ አለ፣ ቁም ሳጥኔ ዘመመ፣ አልጋዬ ጮኸ እያለ ደንበኛ በመጣ ቁጥር አይቆጣም፣ አይምልም፤ ኮቱን አንሥቶ ሄዶ ያያል። «ስድቡን ተወው፣ በሩን እየው» ነው የሙያው ሕግ። ጥፋቱ የሱ ከሆነ ያቃናል፤ ካልሆነ በሩን ሁለቴ ከፍቶ ዘግቶ አሳይቶ፣ ስቆ ይመለሳል።

እንዲህ ካለ ሰው ቤት ፊልም ሠሪ ሴት ልጅ ወጣች። የመጀመሪያ ፊልሟ ሰማንያ ደቂቃ ነው፤ ንግግር የሚባል ነገር ብዙም የለውም። አንድ አናጺ የአንዲት ባልቴት በር ይጠግናል፣ ከዚያ ይዘንባል፣ አለቀ። አናጺው ራሱ ጋሽ ሜትር ነው። «ካንተ የተሻለ አናጺ ከየት አመጣለሁ?» ብላ ስትለማመጠው እምቢ ማለት አልሆነለትም። ፊልሙ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይም ከገዛ ራሰ በራው ሌላ ምንም አላየም። «ለካ ከኋላ እንዲህ ሆኛለሁ!» እያለ ሰማንያው ደቂቃ አለፈ።

ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ በወጣ በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ዓይኗ አብጦ አባቷ ወርክሾፕ መጣች። ሰጋቱራ የተነሰነሰበት ጣውላ ላይ ቁጭ አለች።

«ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ እንደገና ይታያል» አለች። «ከዚያ በፊት ግን የብሎኗን ትዕይንት ቆርጬ እጥላታለሁ። ሰው ሁሉ እየሰደበኝ ነው።»

የብሎኗ ትዕይንት የምትለው፣ ጋሽ ሜትር የበሩን ማጠፊያ አንዲት ብሎን ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሲያጠብቅ የሚታይበትን ነው። ከፊልሙ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ደግሞ እሱኑ ነበር፤ አባቷ ይህን ያውቃል።

«ማን ምን አለሽ? አንብቢልኝ።»

«ምን ያደርግልሃል አባዬ?»

«ደንበኛ ነዋ! አንብቢ።»

ምሳ ይዛ የመጣችው ሚስቱ በሩ ላይ ሆና ሰማች። «ኧረ ተዋቸው! ውሾቹ ይጮሃሉ፣ ግመሎቹ ይሄዳሉ።»

«ግመሏ አንካሳ ብትሆንስ? ይንገሩን እንጂ» አላት።

ልጅቱ ስልኳን ከፈተች። «“ርዕሱን አይቼ ነው የጠላሁት” ይላል።»

«ይሄ በሩን አልከፈተም። ቀጥይ።»

«“እንቅልፍ ለጠፋበት ሰው ፍቱን መድኃኒት።”»

«እስከ ስንተኛው ደቂቃ እንደነቃ ተናግሯል?»

«አልተናገረም።»

«እሱም መንገድ ላይ ቆሞ ነው የሚጮኸው። ሌላ።»

ሌላው ላይ ስትደርስ ድምጿ ወረደ። «“ተዋናዩ በዕድሜው ብሎን አጥብቆ አያውቅም። ብሎኗ በአራተኛው ደቂቃ ገብታ አልቃለች፤ ሰውየው ግን ሦስት ደቂቃ ሙሉ ካቻቪቴውን በባዶ ያሽከረክራል። በር እንዲህ አይጠገንም፣ ፊልምም እንዲህ አይሠራም።”»

የጋሽ ሜትር ደም ፈላ። የነቀፌታው ሊቅ፣ የትዕግሥቱ አባት፣ ነገሩ ወደ ራሱ ሲዞር ሕጉን ሁሉ ረሳ። «እኔን? ብሎን አያውቅም? አምጪው ያንን ፊልም!»

ኮምፒውተሩን በኮላው ቆርቆሮና በመላጊያው መካከል አስቀመጡት። አሁን ራሰ በራውን ትቶ እጁን አየ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ጎንበስ አለ። «እስቲ መልሺው» አላት። መለሰችለት። እንደገና አየና ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ።

«እውነቱን ነው! አልቃለች እኮ!»

«አባዬ! አንተም ከነሱ ጋር?»

«ዓይኔ እያየ ልዋሽ ልጄ? ገብታ አልቃለች። ግን “በቃ እስክልህ እንዳታቆም” ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እኔ “በቃ” እስክትይኝ ስጠብቅ ክንዴ ሊገነጠል ነበር። ለምን ዝም አልሽ?»

ልጅቱ አቀረቀረች። «ረስቼ ነው።»

«ሦስት ደቂቃ ሙሉ?»

«እጅህን እያየሁ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ስኖር እንዲህ ቁጭ ብዬ ስትሠራ አይቼህ አላውቅም። ጠዋት ተኝቼ ትወጣለህ፤ ስትመጣ ደክሞሃል። ያን ቀን ደስ አለኝና “በቃ” ማለቱ ጠፋኝ።»

ጋሽ ሜትር ሜትሩን መዝዞ ቅድም የለካውን ጣውላ እንደገና ለካ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ ለካው። ሚስቱ አይታ እንዳላየች ምሳውን ፈታች።

ሲረጋጋ ፍርዱን ሰጠ። «ስለ ብሎኗ ያለው ልክ ነው፤ ከሁሉም ዓይኑን ሳይነቅል ያየሽ እሱ ነው። ብሎን አያውቅም ያለው ግን ስም ማጥፋት ነው። ጻፊለት፦ “ወንድሜ፣ ማለቋን በማየትህ እግዜር ይስጥህ። ሰውየው ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት አናጺ ነው፤ የሚያስቆመው ጠፍቶ ነው። ቅዳሜ መጥተህ ፊት ለፊት ንገረኝ።”»

ስድቡና መልሱ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ ኖሮ፣ ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ልጅቱ «ለመጨረሻ ጊዜ ሳልቆርጣት ልያት» ብላ ትዕይንቷን እንዳለች አምጥታለች፤ ጥፍሯን ግን በልታ ጨርሳለች። በትዕይንቷ አራተኛ ደቂቃ ላይ ከኋላ ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ «አለቀች እኮ!» አለ።

«አውቃለሁ!» አለ ጋሽ ሜትር ዞር እንኳ ሳይል።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ በራሱ ጊዜ በረደ፤ የቀረውን ሦስት ደቂቃ ሳል እንኳ አልተሰማም። እጁ ብቻ ይታያል፤ ሰውም እጁን ያያል።

መብራቱ ሲበራ ከኋላ አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው ተነሣ፤ ብረት በያጅ ነኝ አለ። «ብሎኗ አልቃለች ያልኩትን አላነሣም። ጋሼ ብሎን አያውቁም ያልኩት ግን ውሸት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅር ብያለሁ!»

«ታዲያ አንድ ነገር ልጨምር? መጨረሻው ላይ ያለው ዝናብ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ምን ሊፈይድ?»

ልጅቱ ደግፈኝ ብላ ወደ አባቷ ዞረች። ጋሽ ሜትር ጣሪያውን መመርመር ያዘ። «እውነቱን ለመናገር… እኔንም ዛሬ እዚያ ጋ ሸለብ አርጎኝ ነበር።»

«እኔንማ ሁለቱንም ጊዜ!» አለች ሚስቱ።

ልጅቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ማይኩን ተቀበለችና «እሺ፣ ዝናቡን እቆርጠዋለሁ» አለች። «አባቴን ግን አልቆርጥም።»