ጀቤሳ የመረጠው ካሜራ

ጀቤሳ ሮቤራ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም። አብሮት ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ጠባይ አንዳንዴ ያንገበግባል፤ አዲስ ቀሚስ ለብሰሽ ስትመጪ «ሰፍቶሻል» ብሎሽ ወደ ሥራው ይሄዳል። እኔ ማህሌት እባላለሁ። ከቃሊቲ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረው የፔይንትቦል ሜዳ እንግዳ እየተቀበልኩ፣ ማስክ እያደልኩ፣ ጠመንጃዎቹን በቀለም ጥይት እየሞላሁ እሠራ ነበር። ጀቤሳ የሜዳው ዳኛ ነበር።

ጨዋታው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ሁለት ቡድን ይሆኑና ፊታቸውን በማስክ ሸፍነው፣ ከአሮጌ ጎማና ከበርሜል ጀርባ እየተደበቁ በቀለም ጥይት ይተኳኮሳሉ። ቀለም የነካው ሰው «ወጥቻለሁ!» ብሎ ጮኾ፣ እጁን አንስቶ ከሜዳው ይወጣል። ሲያወሩት ቀላል ነው። እኛ ሜዳ ግን ተመትቶ በወጉ የሚወጣ ሰው ብርቅ ነበር። የባንክ ሠራተኛም ይሁን ሙሽራ ከነሚዜዎቹ፣ ቀለሙን በእጅጌው ጠርጎ «ማን? እኔ?» ይላል። እነዚህን «ጠራጊዎች» እንላቸው ነበር። ከጠራጊዎቹ የሚብሱት ደግሞ መጀመሪያ «ወጥቻለሁ» ብለው፣ ጓደኞቻቸው ሲንጫጩባቸው «መቼ አልኩ?» የሚሉት ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ዳኛው ላይ መጮኽ ነው።

ጀቤሳ ላይ ቢጮኹበት ግድ የለውም። አንድ ቅዳሜ የሜዳው ባለቤት አቶ ሀብተሚካኤል ራሳቸው ከእንግዶቻቸው ጋር ገብተው ጭናቸው ላይ ተመቱ። ቀስ ብለው መዳፋቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አደረጉ። ጀቤሳ ፊሽካውን ነፋ።

«ጋሼ፣ ወጥተዋል።»

«ኧረ ይሄ የቅድሙ ነው!»

«የቅድሙ ሰማያዊ ነበር፤ ይሄ ብርቱካናማ ነው። ይውጡ።»

ወጡ። እኔ በዚያ ቀን ከሥራ የሚባረር መስሎኝ ነበር። አቶ ሀብተሚካኤል ግን ሱሪያቸውን እየጠረጉ ሲያስቡ ቆዩና ሰኞ ዕለት ሁለታችንንም ጠሩን። ዳኛው ሰውነቱ ላይ የሚያስረው ትንሽ ካሜራ ሊገዙ ነው። ክርክር ሲነሳ ቪዲዮውን ከፍቶ ማሳየት ነው፤ ደንበኛም ጨዋታውን ለማስታወሻ ይወስዳል።

«የምታስረው አንተ ነህ፤ አንተው ምረጥ» አሉት። «ሥራ በሌለበት ቀን ለራስህም ተጠቀምበት።»

የመጨረሻዋ ንግግር ናት ጀቤሳን የያዘችው። ከቢሮው እንደወጣን ፊቱ ተቀያየረ።

ነገሩ አባቱ ናቸው። ኦቦ ሮቤራ የዚያው አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ኮንዶሚኒየም ከቆመ ቆይቷል። የቀራቸው ቤታቸው፣ ከቤቱ ጀርባ ያለች ቁራጭ የሣር መሬትና ቦራ ነበር። ቦራ ፈረሳቸው ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ኦቦ ሮቤራን በስማቸው አይጠሯቸውም፤ እንደ ድሮው ወግ በፈረሳቸው ስም «አባ ቦራ» ይሏቸዋል። ያን ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ግቢውም እንደሚነሳ ተነገራቸው። ጀቤሳ ደግሞ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ደርሶት ነበር፤ አራተኛ ፎቅ። አባቱን ወደዚያ ሊወስድ፣ ቦራን ከጥምቀት በኋላ ዱከም አጠገብ ለሚኖሩት ለአጎቱ ለኦቦ ከውሲ ሊሰጥ ወሰነ። ፈረስ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። አባቱ ሲነገራቸው «እሺ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልጨመሩም።

ያቺ «እሺ» ጀቤሳን ስትበላው ከረመች። «ቢቆጡኝ በተሻለኝ» ይለኝ ነበር። «ዱላም ቢያነሱብኝ።»

ስለዚህ የካሜራዋ ነገር ለእሱ የሥራ ብቻ አልነበረም። «አባባ ለመጨረሻ ጊዜ ቦራ ላይ ወጥተው መሬቱን ሲዞሩ፣ እሳቸው የሚያዩትን ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ። «የቦራን ጆሮ፣ ከጆሮው ማዶ ያለውን። ስልክ ይዤ ከኋላ ብሮጥ የማገኘው ጀርባቸውን ነው። ይሄ ደግሞ አንዴ ነው፤ ከተበላሸ ይድገሙልኝ አልላቸውም።»

ያን ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር እንደ ሰው ቪዲዮ አይቶ፣ አስተያየት አንብቦ መምረጥ አልተቻለም። ሳሪስ አቦ አካባቢ ካሜራና ስልክ የሚሸጥ ታጁ የሚባል ሰው ነበር። ከዱባይ ያስመጣቸውን ሁለት ካሜራዎች ባንኮኒው ላይ ደረደረልን። ሁለቱም በመዳፍ ውስጥ የሚያልቁ ናቸው። አንደኛዋ ሙሉ በሙሉ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሣጥን ታሽጋለች፤ ሌላኛዋ ራቁቷን ናት፤ ፊቷ ላይ ያለው መስታወት ብቻ ተፈትቶ ይቀየራል።

«ይቺን የታሸገችዋን ውሰድ ወንድሜ» አለ ታጁ። «ባሕር ውስጥ ይዘሃት ትጠልቃለህ።»

«እኛ ሜዳ ባሕር የለም» አለ ጀቤሳ።

ታጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጀቤሳ ግን አልቀለደም። መታወቂያውን አስይዞ ሁለቱንም ለሙከራ ይዞ ወጣ። ታጁ እንዴት እንደፈቀደለት እስካሁን ይገርመኛል፤ ምናልባት ፊቱን አይቶ ይሆናል።

ሙከራው ለእኔ ሠርግ ነበር። መጀመሪያ ማስኩ ላይ፣ ግንባሩ ጋ አሰራት። ጠራጊ ለመያዝ ወዲያ ወዲህ ሲገላመጥ የተቀረፀውን ቪዲዮ ስናይ ሁለታችንንም አዞረን፤ በመጨረሻ ወንበራችንን ይዘን ነው ያየነው። ከዚያ ደረቱ ላይ በሚታሰረው ቀበቶ ሞከራት። ይሄኛው ረጋ ይላል፤ ሰውየው ዞር ብሎ ቢያይም ደረቱ ቀጥ እንዳለ ነው፤ የተጫዋቹም እጅ፣ ጠመንጃውም፣ ቀለሙም በደንብ ይታያል።

«አሁን ተኩሺብኝ» አለኝ።

«አንተ ላይ?»

«ካሜራዋ ላይ። ሳትስቺ።»

ለዓመት ያህል ቀሚሴን ሲያማ የከረመ ሰው እንዲህ ብሎ ሲለምን እምቢ አይባልም። መጀመሪያ ሆዱን መታሁት፤ እጄ አምልጦኝ ነው ብያለሁ። ቀጥሎ ግን ሁለቱንም ካሜራዎች በየተራ አገኘኋቸው። የታሸገችዋ ምንም አልመሰላት። የራቁቷ መስታወት በቀለም ተለቀለቀ፤ በጨርቅ ሲጠርገው ግን ጠራ። እስካሁን የታሸገችዋ መምራቷ ነው። ሥዕሏም ይበልጥ የጠራ ነበር፤ አቶ ሀብተሚካኤል እሷን ወደዋታል።

ነገሩ የለየው እሑድ ዕለት ነው። ከቂሊንጦ ፋብሪካዎች የመጡ ሠራተኞች ተጋጥመው ነበር፤ ሁለቱንም ካሜራዎች ጎን ለጎን ደረቱ ላይ አስሮ ገባ። ከበርሜል ጀርባ የነበረ አንድ ረጅም ሰውዬ «ወጥቻለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው የቡድኑ አለቃ ሲገላምጠው «እኔ ምንም አላልኩም፣ ጎማው ነው የተመታው» አለ። ጩኸት ሆነ። የታሸገችዋን ከፈትናት። ሰውየው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ግን ማስክ ስላጠለቀ አፉ አይታይም፤ ድምፁ ደግሞ በሣጥኑ ታፍኖ፣ ትራስ አፉ ላይ እንደተደረገበት ሰው እም እም ነው። ሁለተኛዋን ከፈትናት። «ወጥቻለሁ!» የምትለው ቃል ቁልጭ ብላ ወጣች፤ ከኋላዋ «ዝም በል አንተ!» የሚለው የአለቃው ሹክሹክታ ሳይቀር። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ረጅሙም ሰውዬ እየሳቀ ወጣ።

«ይቺ ናት» አለ ጀቤሳ።

«ሥዕሏ እኮ ያንሳል» አሉ አቶ ሀብተሚካኤል።

«ጋሼ፣ እኛን የሚያጣላን የታየው አይደለም፤ የተባለው ነው።»

ተገዛች።

ጥምቀት ደረሰ። በማግስቱ የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ ኦቦ ሮቤራ ቦራን ይዘው መሬታቸውን ሊዞሩ፣ ኦቦ ከውሲ ደግሞ በነጋታው መጥተው ሊወስዱት ነበር። ጀቤሳ «ነይልኝ፣ ብቻዬን አልችለውም» ስላለኝ እኔም ሄድኩ። ከታቦት የተመለሱ ጎረቤቶችና ሽማግሌዎች ደጁን ሞልተውታል። ሁሉም ለምን እንደመጡ ያውቃሉ፤ ማንም ግን አያነሳውም፤ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ።

ጀቤሳ ባትሪውን ሞልቷል፣ መስታወቱን ወልውሏል። አባቱን ቤት ውስጥ አቁሞ ቀበቶውን ደረታቸው ላይ ሲያጠብቅ ኦቦ ሮቤራ ወደ ታች አዩት።

«እኔን ነው ወይስ ፈረሱን የምትጭነው?»

«ፎቶ ማንሻ ነው አባባ። እንደወትሮዎ ይሂዱ፣ ምንም አይንኩ።»

«ከሄድኩ በኋላ ምን ያደርግልሃል?»

ጀቤሳ ቀበቶውን አጥብቆ ጨረሰ። ወጡ። ቦራ ታጥቦ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ጥለት ታስሮለት ቆሟል። ጀቤሳ ካሜራዋን አበራት፤ ጢጥ አለች። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያደርገው እርካቡን ያዘላቸው። አባቱ ወጡ። ከዚያም ከልጅነቱ ጀምሮ እንደሚያደርገው ጋቢያቸውን ከአጥሩ ላይ አንስቶ ትከሻቸው ላይ ጣለላቸው፤ ጫፉን በደረታቸው ላይ አሻግሮ ወደ ኋላ መለሰው። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት አባቱን ያለ ጋቢ እንዴት ይሸኛል? እኔም አጠገቡ ቆሜ «ያምርብዎታል ኦቦ ሮቤራ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አባ ቦራ በሕንፃዎቹ ጎን አድርገው ቀስ እያሉ ሄዱ፤ ጀቤሳም ዓይኑ እንባ ሞልቶ እስኪሰወሩ አያቸው። ያን የመሰለ ትዕይንት ላይ ቆመን ከመካከላችን ጋቢው የት ላይ እንዳረፈ ልብ ያለ አንድም ሰው የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ኦቦ ሮቤራ ራሳቸው ኮርቻውን ማውረድ ፈለጉ፤ እኛ ካሜራዋን ይዘን ጓዳ ገባንና የቢሮውን ላፕቶፕ ከፈትን።

የቦራ ጆሮ ለቅጽበት ታየ። ከዚያ ነጭ ነገር ወረደና ሁሉም ነጭ ሆነ። ጀቤሳ ወደፊት አሳለፈው፤ ነጭ። እንደገና አሳለፈው፤ ነጭ፣ የጋቢ ድርና ማግ። እጁን ከላፕቶፑ ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «በገዛ እጄ» አለ። ሰው እንዲህ ሲከፋው ምን እንደሚባል አላውቅም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ዝም ስንል ነው የሰማነው። ኮቴ ነበር። የኮርቻ ቆዳ ሲንጣጣ፣ ቦራ ሲተነፍስ። ከዚያ የኦቦ ሮቤራ ድምፅ፣ በኦሮምኛ፣ ዝግ ብሎ። «ሱታ ቦራ፣ ሱታ» ይሉታል፣ ቀስ በል ማለታቸው ነው። እኔም እዚያው ስላደግሁ ቋንቋውን እሰማለሁ። ሰው የለም ብለው ከፈረሳቸው ጋር እያወሩ ነው። ከሩቅ የረዳቶች ጩኸት ይሰማል፤ የታክሲ ወረፋ ያለበት ጋ ሲደርሱ መሰለኝ፣ «እዚህ ጤፍ ነበር» አሉት። «አንተ ውርንጭላ ሆነህ ገብተህ ረገጥከው። እኔ እንዳልመታህ ጀቤሳ ነው ዱር ውስጥ የደበቀህ፤ ያወቅሁ አይመስለውም።» ትንሽ ሄዱ። «እሱን እንዳትቀየመው። አራተኛ ፎቅ የምትወጣበት መንገድ ቢኖር በትከሻው ተሸክሞ ያወጣህ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። አንድ ቃል ብጨምር አለቅሳለሁ ብዬ ነው። ልጅ ፊት እንዴት አለቅሳለሁ?» ከዚያ ቃል አልነበረም። የሚሰማው ሽማግሌ ሲያለቅስ ነበር፤ ኮቴውም አላቋረጠም።

ጀቤሳ ሁለቱን እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። የተቀመጠበት ወንበር ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሩ ላይ የእግር ድምፅ ሲሰማ አፈፍ ብሎ ድምፁን አጠፋው፤ ፊቱንም በእጅጌው ጠረገ። ኦቦ ሮቤራ ገቡ። ጎንበስ ብለው ላፕቶፑን አዩ፤ ነጩን አዩ፤ ትንሽ ቆይቶ ገባቸው።

«ጋቢዬ!» ብለው ሳቁ። «ይሄን ሁሉ ቀበቶ አስረህ ጋቢዬን አነሳህ?»

«ጋቢዎን አነሳሁ አባባ።»

ሳቃቸው ቀስ ብሎ አለቀ። ካሜራዋን ከጠረጴዛው አንስተው በጣቶቻቸው አገላበጧት።

«ይቺ ነገር» አሉ፣ «ድምፅም ትይዛለች?»

ጀቤሳ እኔን አላየኝም። አባቱን ትክ ብሎ እያየ፣ «አትይዝም» አለ።

ኦቦ ሮቤራ ካሜራዋን መልሰው አስቀመጡ። «እንኳን» አሉና ቦራን ውሃ ሊያጠጡ ወጡ።