እርሳሱና የአያ ወልዱ ቁልፍ

«ያን ኮምፒውተር ጀነሬተሩ ነው የበላው» ይላሉ፣ ሰቆጣ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ እስከ ዛሬ። ሐሰት ነው። የበላሁት እኔ ነኝ። ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም።

አሮጌ ነበር። አንድ ሪፖርት ለመክፈት ሲያምጥ ባለጉዳይ በእግሩ ጎረቤት ወረዳ ጋዝጊብላ ይደርሳል። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም። ክዳኑን ፈታሁ። የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ፣ ፍጥነቱን ለመገደብ ፋብሪካው ሆን ብሎ የቆረጣቸው ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ነበሩ። ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ የተማሪ እርሳስ ቀጠልኋቸውና ከልኩ በላይ አስሮጥሁት። ሠራ! ሦስት ሳምንት ጋለበ። በዚህ አልጸጸትም። «አሮጌ ዕቃ አትነካካ» የሚሉ ሰዎች አሮጌ ሐሳብም አይነካኩም። ዛሬም እርሳስ ብታቀብሉኝ እደግመዋለሁ።

ኃጢአቴ ሌላ ነው።

አንድ ረፋድ ስግብግብነቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ቮልቴጁን የሚጨምር ሌላ መስመር አሰመርሁ። ክዳኑን እንደ ገጠምሁ መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩን የሚያስነሡት አያ ወልዱ ነበሩ፤ አፋቸውን ባገሩ ቋንቋ በኽምጣንኛ የፈቱ፣ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሽማግሌ። አስነሡ። ኮምፒውተሩን ከፈትሁ። የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«አያ ወልዱ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ለቀቁብን?» አለ አንዱ።

«እንደ ወትሮው ነው የለቀቅሁት።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የተማርኸው፣ ንገራቸው እንጂ። እኔ ነኝ?»

«ጀነሬተር አይታመንም» አልሁ። ሁለት ቃል።

ኃላፊው ቁልፉን እንዲያስረክቡ አዘዘ። ቋጠሮው ከማተቡ ጋር ተወሳስቦ አልፈታ አለ። ምላጭ ቢያቀርቡላቸው ተቆጡ፤ «ማተቤን ልታስበጥሱኝ?» ከዚያ አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉ። «አንተ ጣትህ ቀጭን ነው፤ ፍታልኝ ልጄ።»

ፈታሁት። ኮምፒውተር መጠበቅ ያቃተኝ እኔ፣ ያን ቋጠሮ ስፈታ ጊዜ ሞልቶኝ ነበር። እውነቱን አሥር ጊዜ መናገር እችል ነበር። ለምን ዝም አልሁ? ፈርቼ? ፍርሃትስ ደግ፣ ሰው ያዝንለታል። ጎበዝ መባል ጥሞኝ ነበር፤ ሌላ ምንም አይደለም። የእርሳሱ ጥቁረት ከጣቴ ወጥቶ ነጩ ማተባቸው ላይ ቀረ።

የጓሮ በር ጠባቂ አደረጓቸው። «አያ አቃጥል» የሚል ስም ወጣላቸው። ይኸው ዛሬም ገበያ ሲወጡ ሰው በዚያ ስም ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም «አቤት» ይላሉ። ስሙ የእኔ ነበር።

ወጣት ነበርህ አትበሉኝ። ይቅርታም አትለምኑልኝ። ራስህ ሂድ ትሉኝ ይሆናል፤ እሄዳለሁ። እኔ እስክደርስ ግን ለአንድ ገበያ እንኳ በዚያ ስም እንዳይጠሩ፣ ሰቆጣ የምታውቁት ሰው ካለ ዛሬውኑ ደውሉለትና ያቃጠልሁት እኔ መሆኔን ለአያ ወልዱ በሰው ፊት ይንገርልኝ። በኽምጣንኛ ይንገራቸው። በአማርኛ የዋሸኋቸው ይበቃል።