የልጅ ጎማ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ደባርቅ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ቀሚስ አሳጥራለሁ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች ደግሞ የተቀደደ ድንኳንና የተበላሸ ዚፕ እጠግናለሁ። ባለቤቴ አስጎብኚ ስለሆነ የዚፑ ሥራ የሚመጣልኝ በእሱ በኩል ነው። ወደ ሳይክሉም ያስገባኝ ይኸው ዚፕ ነው።

አንድ በጋ ባለቤቴ ሁለት የውጭ አገር ሴቶች ይዞ መጣ። የአንደኛዋን ሻንጣ ዚፕ ቀይሬ ወዳረፉበት ግቢ ይዤ ስሄድ፣ ባለ ሻንጣዋን ለአጥር ግንብ በተከመረ ጥቁር ድንጋይ ላይ አገኘኋት። ሳይክል ላይ ቆማለች። ቆማለች ስል፣ ሁለቱም እግሮቿ ፔዳሉ ላይ ናቸው፣ ጎማው አይዞርም፣ እሷም አትወድቅም። ከዚያ ሰውነቷን ሰብሰብ አደረገችና ከነሳይክሏ ወደሚቀጥለው ድንጋይ ዘለለች። ሳይክሉ መቀመጫ የለውም። እንዲህ ያለውን ሳይክል ትራያል ይሉታል፤ ለመንገድ ሳይሆን ለድንጋይ፣ ለግንድና ለደረጃ የተሠራ ነው።

ባለቤቴን ጠይቅልኝ አልኩት። ጠየቀልኝ፣ እሷም ፈቀደችልኝ። መሪውን ይዤ፣ ፔዳሉን ረግጬ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆምኩ። ወዲያው ነጠላዬ ካቴናው ውስጥ ገባና በጎኔ ወደቅኩ። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አልሳቅኩም። ያቺ አንድ ትንፋሽ ሰውነቴ ውስጥ ቀርታ ነበር። ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ይህን ነገር እማረዋለሁ አልኩት። እሺ አለኝ፤ ለሚቀልድ ሰው የሚባል አይነት እሺ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስደግምለት ነው የምሬን መሆኑን ያወቀው።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ ተደፍተን ቪዲዮ ማየት ሆነ። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እንማራለን። መጀመሪያ የተማርነው፣ ጀማሪ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት የጎማውን ቁጥር መሆኑን ነው። ሃያ ቁጥር አለ፣ ሃያ አራት አለ፣ ሃያ ስድስት አለ። ሃያው ትንሽና ቀላል ነው፤ በክንድ ወደ ላይ ይሳባል፣ ነገር ግን ሸካራ መሬት ላይ በየጉድጓዱ ይገባል። ሃያ ስድስቱ ትልቅ ነው፤ ድንጋዩን ረግጦ ያልፋል፣ ሲያነሱት ግን ይከብዳል። ሃያ አራቱ መካከል ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ በእኛ አካባቢ የሚያገኝልን ሰው አጣን።

የምናሠራው አንድ ሳይክል ነው፤ እሱም ልማር ስላለ የምንነዳው ሁለት ሰዎች ነን። ችግሩ የተነሳው ከዚህ ነው። ባለቤቴ ረጅም ነው፤ እኔ ስቆም ጭንቅላቴ ከሸሚዙ የደረት ኪስ አያልፍም። እሱ ሃያ ስድስት አለ። የስሜን ድንጋይ ትንሽ ጎማ ይውጣል፣ ደግሞም በትልቁ ዳባት ድረስ መሄድ ይቻላል አለ። እኔ ሃያ አልኩ። ዳባት መሄድ ካማረኝ ሚኒባስ አለ፤ እኔ የምፈልገው መዝለል ነው፣ የምዘለውም የማነሳውን ነው አልኩት። ይህን እየተከራከርን ጾሙ ገብቶ ወጣ።

በመጨረሻ ለሚያውቅ ሰው እንስጠው ተባባልንና ዳባት ያሉ አንድ ሳይክል ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ጸጉራቸው የሸበተ፣ በወጣትነታቸው ተወዳድረዋል የሚባሉ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። ነገሩን አስረዳናቸው፤ ቪዲዮውንም መነጽራቸውን አድርገው በጥሞና አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሃያ ቁጥር የልጅ ነው» አሉ። «ትልቅ ሰው የልጅ ጫማ ያደርጋል? ሰፋ ያለውን ያዢ፤ ትለምጂዋለሽ።»

ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡና ሰፋ አድርገሽ ስፊው፣ ያድግበታል ይሉኛል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ እጅጌው መዳፉን ውጦት፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ይከርማል። ልብሱ ልክ በሚሆነው ጊዜ ደግሞ ጉልበቱ ተቀዷል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከእንግዲህ አላድግም» አልኳቸው።

በጣም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረው በሃያ ስድስት ተስማሙ። እኔም እሺ አልኩ። ስለ ልብስ እንጂ ስለ ሳይክል አላውቅም፤ ሁለቱም ካሉ ይሁን ብዬ ነው። አሮጌ የተራራ ሳይክል ነበራቸው። መቀመጫውን አወጡለት፣ ካቴናው የሚዞርበትን የፊት ጥርስ በትንሽ ቀየሩለት፣ ወፍራም ጎማና ጥሩ ፍሬን ገጠሙለት። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን ደባርቅ አስገባነው።

የምንለማመደው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው በኩል ባለ የተተወ የድንጋይ ካባ ውስጥ ነበር። ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ቦታ ስለሆነ የተቆረጠው አለት እንደ ደረጃ ተደራርቧል። ከገደሉ የሚወጣው ጉም እስኪገለጥ እንጠብቃለን፣ ከዚያ በተራ እንነዳለን። ለራሴ ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ ያለው ሱሪ ሰፋሁ። በከተማው ሳልፍ ከላይ ቀሚስ እደርባለሁ፣ ካባው ስደርስ አወልቀዋለሁ።

ባለቤቴ ቶሎ ለመደ። ሳይክሉ ልኩ ነበር። እኔ ግን የፊቱን ጎማ ከመሬት ማላቀቅ አቃተኝ። መሪው ደረቴ ላይ ይደርሳል፤ ስስበው ሳይክሉ ወደ እኔ አይመጣም፣ እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ፔዳሉ እየዞረ ቅልጥሜን አቆሰለው። ዛሬ አልሆነም፣ ነገ ይሆናል እያልኩ በየጠዋቱ ተመላለስኩ። አንድ ቀን ጎማው ትንሽ ተነሳልኝና ደስ ብሎኝ ይበልጥ ስስበው ወደ ኋላ ገለበጠኝ። በቀኝ እጄ ላይ አረፍኩ።

ወጌሻው አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው አለና አሽቶ አሰረልኝ። መቀስ መያዝ ስለማልችል የያዝኩትን የዩኒፎርም ሥራ ለጎረቤት ሰፊ ሰጠሁ። በእነዚያ ቀኖች ባለቤቴ ካባው ብቻውን ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ ሳይክሉ እንዳይቆም ብሎ ነው። ቀስ በቀስ ግን ሰው አወቀው። የባጃጅ ሾፌሮች ዘላዩ እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ ሥራ የፈቱ ጓደኞቹም ሊያዩት አብረውት ይወጣሉ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ የትኛውን ድንጋይ እንዴት እንደወጣ ይተርክልኛል። እኔ የታሰረ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እሰማዋለሁ። ቀናሁ ብል ሙሉውን አይናገርም። ምኞቴ ከእጄ ወጥቶ ሌላ ሰው ቤት ሲኖር እንደማየት ነበር። ያ ሌላ ሰው ደግሞ የምወደው ሰው ነው፤ ክፋትም አላደረገም።

አንድ ቀን ወሬውን አስጨርሼ፣ ሳይክሉ ያንተ ነው፣ እኔ የራሴን እሠራለሁ አልኩት።

«እልህ ነው?» አለኝ።

«እልህም ነው፣ ልክም ነው» አልኩት።

ጎንደር ላለችው እህቴ ደወልኩ። የአከራይዋ ልጅ አድጎ ያነሰው አንድ ሃያ ቁጥር ሳይክል እንዳለ ነገረችኝና በአውቶቡስ ላከችልኝ። ዳባት አልወሰድኩትም፤ እሳቸው ዘንድ ብሄድ አሁንም የልጅ ነው ብለው እንደሚመልሱኝ አውቃለሁ። እዚሁ ደባርቅ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ጋ ወሰድኩት። ሳይክል ሠርቼ አላውቅም አለኝ፤ እኔም አሠርቼ አላውቅም አልኩት። ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር የሄድኩት። ፔዳሉ ላይ ቆሜ እሱ ሳይክሉን ደግፎ ያዘልኝ፤ እጄ ያለ ጭንቀት የሚደርስበትን ቦታ ለካሁ። የመሪው አንገት አንድ ስንዝር እንዲረዝም፣ ከሥር ደግሞ ብረት እንዲደረብበት ነገርኩት። የመጀመሪያው ብየዳ ካባው ውስጥ ተሰነጠቀ። መልሼ ወሰድኩለት፣ ወፍራም ብረት ፈልጎ እንደገና ሠራው። የቀረው ፍሬኑ ነበር። የልጁ ሳይክል ፍሬን ልስልስ ነው፤ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ካልያዘ ደግሞ ድንጋይ ላይ መቆም የለም። ይህን እያሰብኩ አንድ ጠዋት ብነሳ፣ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የትልቁን ሳይክል የኋላ ፍሬን ፈቶ ለእኔ እየገጠመ ነው፤ ልስልሱን ለራሱ አስቀርቷል። እኔም ቀና ብሎ ሳያየኝ ገብቼ ቁርስ አቀረብኩ።

በሃያው መጀመሪያ የተማርኩት መቆም ነው። ቀጥሎ በቦታዬ ነጠር ነጠር ማለት። የፊቱ ጎማ በመጀመሪያው ቀን ነው የተነሳልኝ። ይህን ስል ሁሉም ቀለለ ማለቴ አይደለም። ከተማው ሳቀብኝ። ዕድሜዋ የገፋ ሴት የልጅ ሳይክል ስትገፋ ማየት ለሰው ጨዋታ ነው፤ አንዲት ደንበኛዬ እንዲያውም ልብሷን ወደ ሌላ ሰፊ ወሰደች።

በዚያው ሰሞን የባለቤቴ እናት ከሚኖሩበት ከበየዳ ወረዳ መጡ። ዓይናቸውን ለመታከም ነበር የመጡት፤ ሐኪሙ እስኪያያቸው እኛ ጋ ሰነበቱ። ጠዋት ጠዋት የት እንደምንሄድ ለማወቅ ተከተሉን። ካባው ጥግ ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ እንዝርታቸውን አውጥተው እየፈተሉ አዩኝ። ደስ አላላቸውም፤ አልደበቁኝምም። ለሴት አይሆንም፣ ለወንድም ቢሆን ሥራ ፈትነት ነው አሉ። በማግስቱ ግን ተመልሰው መጡ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ስወድቅ «እግዚኦ» ይሉና ክሩን ይቀጥላሉ።

እኔ የማልወጣው አንድ እርከን ነበር። ቁመቱ ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው። የፊቱ ጎማ ይወጣልኛል፣ የኋላው ጠርዙን ይመታና ይመልሰኛል። ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ አልቆጠርኩም። ባለቤቴ በፍጥነት ሞክሪው ይላል፤ በፍጥነት ስሞክረው የባሰ እመታለሁ። እማማ አንድ ቀን ይህን እያዩ እንዝርቱን አቆሙ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ቅድም ዝቅ ብለሽ ስትነሺ ልትወጪ ትንሽ ቀርቶሽ ነበር። አሁን ግን ቆመሽ ነው የምትሄጂው። ጉልበትሽን አጥፈሽ ተቀመጪ እንጂ።»

ዓይናቸው የታመመ ሴት ናቸው ይህን ያዩት። ትልቁ ሳይክል ላይ መሪው ደረቴ ስለሚደርስ ቀጥ ብዬ መቆም ለምዶብኝ ነበር፤ ያን ልማድ ወደ ትንሹ ይዤው መጥቻለሁ። ሃያው ግን ከሥሬ ቦታ ይሰጠኛል፣ እስከ ተረከዜ ድረስ ብወርድ የሚከለክለኝ የለም። ወረድኩ። የፊቱን ጎማ ጠርዙ ላይ አሳረፍኩ፣ እጄን ወደ ፊት ሰደድኩ፣ እግሬን ወደ ላይ ሰበሰብኩ። የኋላው ጎማ ጠርዙን ሳይነካ ላይ አረፈ። ፍሬኑን ይዤ ቆምኩ። ከታች እማማ እልል ሊሉ ከንፈራቸውን አሹለው መልሰው ተዉት። በኋላ ሲነግሩኝ ጉረኛ እንዳላደርግሽ ብዬ ነው አሉኝ።

ከዚያ ባለቤቴ በሃያ ስድስቱ ሞከረው። አልወጣለትም። ትልቁ ጎማ ትንንሹን ድንጋይ ሁሉ እየረገጠ ሲያሳልፈው ስለኖረ ማንሳት አልተማረም። የአንቺን ስጪኝ አለና ተቀበለኝ። ጉልበቱ መሪውን እየመታ፣ ጀርባው እንደ ማጭድ ጎብጦ ትንሽ ከሄደ በኋላ ራሱ ስቆ መለሰልኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። ከካባው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮረት ብቻ ነው። እሱ እንደ ውኃ ፈሰሰበት፤ እኔ ትንሹ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶብኝ በመሪው ላይ አልፌ ተዘረጋሁ። ቆሞ ጠበቀኝ። ለመንገዱስ እውነትህን ነበር አልኩት።

ዛሬ ካባው የሚመጣው ሰው በዝቷል። ሁለት የሆስፒታል ሠራተኞች አሉ፣ አንዲት መምህርትም አለች። ሊጀምሩ ሲሉ ስንት ቁጥር እንግዛ ብለው ይጠይቁኛል። የሁለታችንንም ሳይክል እሰጣቸውና የፊቱን ጎማ እንዲያነሱ አደርጋለሁ። ረጅሞቹ ብዙውን ጊዜ ትልቁን ይመርጣሉ፤ ይሁን። ትልቁ ላይ ወጥተው ጎማውን ማንሳት አቅቷቸው መሬቱን ብቻ የሚያዩትን ግን ትንሹን ያዙ እላቸዋለሁ። ጎማው የልጅ ነው ብለው ሲያፍሩ፣ ሜትሬን አውጥቼ እለካቸዋለሁ።

ለእኔ አሁን ከፊት ለፊቴ ያለው የሚቀጥለው እርከን ነው። ከጉልበቴ በላይ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ከሥሩ ያለውን አፈር ጠርጎ ይበልጥ አስረዝሞታል። ባለቤቴ ለዚህኛው ሃያ አራት ያስፈልግሻል ይላል፤ ይሆናል። እስኪገኝ ድረስ በያዝኩት እሞክራለሁ። ዛሬ ጠዋትም ጠርዙን ደጋግሜ መታሁት። ነገ ጉሙ እንደተነሳ እወጣለሁ።