የቃጫው ጫፍ

የልጅ ልጄ ከወልቂጤ ገበያ የገዛችውን ቆጮ በጨርቅ ስትጨምቅ፣ ኮምጣጣው ሽታ የጣሊያንን ዘመን አመጣብኝ።

ቡታጅራ ዳር በነበረው ጓሯችን፣ እኔና እናቴ ተቀብሮ ከቦካበት ጉድጓድ ያወጣነውን ቆጮ በእንሰት ቃጫ ጠቅልለን፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን እንጠመዝዛለን። ጉድጓዱ ውስጥ፣ ከቀረው ቆጮ ሥር፣ እናቴ የአባቴን ጠመንጃ ቀብራለች። ከተገኘ ቤታችን ይቃጠላል።

አንድ ጣሊያን ወታደር ከአስተርጓሚው ጋር አጥሩን ገፍቶ ገባ። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነውና፣ ሴቶች እንሰት ወደሚሠሩበት ወንድ እንደማይቀርብ ስለሚያውቅ ደጅ ላይ ቆመ። ጣሊያኑ ግን ቀጥ ብሎ መጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተገተረ።

እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቃጫው ላላ።

«ያዝሽው እንጂ መቼ ጨበጥሽው?» አለች እናቴ ቀና ሳትል። «ጨብጪ!»

ባለ በሌለ ኃይሌ ጨበጥኩ። እጄ ጸጥ አለ። የቆጮው ውሃ የጣሊያኑ ጫማ ላይ ፈሰሰ፤ አፍንጫውን ይዞ እየተሳደበ ወጣ።

ለቆጮው የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር። ቃጫውን ስትለቅ ግን መዳፏ በቃጫው ተቆርጦ ይደማል፤ ለካ እሷም እጇ እንዳይንቀጠቀጥ ነበር የጨበጠችው።

«እማማ፣ ይተዉት፤ እጅዎ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ የልጅ ልጄ፣ ላግዛት እጄን ስዘረጋ።

«ስለሚንቀጠቀጥ እኮ ነው የምጨብጠው» አልኳትና የጨርቁን ጫፍ ተቀበልኳት።