የሲፋን አጥር ሠሪ

ባጫ የቡና ማሳውን ማረሙን ትቶ፣ በጎረቤቱ በሲፋን ግቢ አጥር የሚሠራውን እንግዳ ሰው ከጠዋት ጀምሮ በዓይኑ ይከታተላል። ስሙን በዳሪሙ አገር የሚያውቅ የለም፤ ከቡሬ በኩል መጣ ይባላል። ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ለብሷል። ሐረጉን በጥርሱ ወጥሮ ማገሩን ከቋሚው ጋር ጥፍር አድርጎ ያስርና፣ ፈረስ እንደሚያባብል ሰው በመዳፉ ዳበስ ያደርገዋል።

ሲፋን ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ባጫ ሰምቶ አያውቅም። ቅናት ያዘው። "ነገ አጥርሽን አቆምልሻለሁ" እያለ ሁለት ክረምት ያሳለፈው እሱ ራሱ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዲህ ያለ እጅ ይዘው የራስዎ ቤት የለዎትም?" አለች ሲፋን፣ እርጎ እያቀበለችው።

"ነበረኝ። አጥሬን አጥብቄ ሠርቼ፣ ለሌላ ሰው ትቼው ወጣሁ" አለና ወደ ሥራው አቀረቀረ።

ጥቂት ቆይቶ ወደ ባጫ ደጅ የምታሾልከው ቀዳዳ ዘንድ ደረሰ። "በዚህ በኩል የሚመጣ ሰው አለ እንዴ?"

ባጫ ከማሳው ሆኖ ጆሮውን ጣለ።

ሲፋን ቀዳዳዋን ትንሽ አየቻት። "ይመጣል ብዬ ነበር" አለች፤ "ይዝጉት።"